ሣር ማጨጃው ቤንዚን ሲያንጠባጥብ፦ የጎማ ቱቦ መቀየር፣ ካርቡሬተር ማጠብ ወይስ አዲስ መግዛት?

ማርች አጋማሽ ላይ ነበር። ብርዱን ሁሉ ጋራዥ ውስጥ የቆመውን ሣር ማጨጃ ላወጣ በሩን ስከፍት የቤንዚን ሽታ ተቀበለኝ። ባለቤቴ ከሳምንት በፊት ጀምራ «ልብስ ማጠቢያው ክፍል ድረስ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል» ስትለኝ ነበር። ከመኪናው ይሆናል ብዬ አልፌው ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከሞተሩ ሥር ሲሚንቶው ላይ የሳህን ያህል የጠቆረ እርጥበት አለ።

የምኖረው ከአትላንታ ወጣ ብሎ ነው። እዚህ ግቢው ሰፊ ነው፤ በእጅ በሚገፋ ማጨጃ አይቻልም። የማውቃቸው ሐበሾች ቤት ሲገዙ ብዙም ሳይቆዩ ተቀምጠው የሚነዱትን ማጨጃ ይገዛሉ። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ያገለገለ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ሣሩ ማደግ ሲጀምር አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ያንጠባጥባል፤ ምን ልግዛለት?» የኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከየት እንደሚወርድ ሳታውቁ ምንም አትግዙ። ካወቃችሁ በኋላ ምርጫው ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ርካሽ ነው።

መጀመሪያ ከቤት ይውጣ

ይህን ሳልናገር ወደ ጥገናው አልገባም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል። ተኑ ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ በኖ አይጠፋም፤ እንደ ውሃ ወለሉን ይዞ ይሄዳል። ብዙ ቤት ውስጥ ደግሞ ጋራዡ ጥግ ላይ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ አለ። ማሞቂያው ሥር ትንሽ እሳት ይበራል። ከጋራዡ በላይ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ ሞተሩን ሳታስነሱ በእጅ ገፍታችሁ አውጡት። አልንቀሳቀስ ካለ ከኋላ በኩል ማርሹን የሚያላቅቅ አጭር ዘንግ አለ፤ እሱን ስትስቡ ጎማዎቹ ይለቃሉ። የጋራዡን በር ክፍት ተዉት። ውጭ ካወጣችሁት በኋላ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፍቱ። የቤንዚን መዝጊያ ካለው ዝጉት። ከሌለው የጎማ ቱቦውን ሳትቆርጡ ቀስ ብላችሁ በቆንጣጭ ቆንጥጡት።

ከየት ነው የሚወርደው?

ቤንዚን አታላይ ነው። ከላይ ያፈስና ብረቱን ይዞ ወርዶ ሌላ ቦታ ላይ ይንጠባጠባል። ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ሥር ጠብታ ያየ ሰው ካርቡሬተር ያዝዛል። አዲሱ ተገጥሞ ጠብታው ሲቀጥል ነው ጥፋቱ ከላይ ያለችው የጎማ ቱቦ እንደነበረች የሚገባው።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ሞተሩን በጨርቅ ጥርግ አድርጌ አደርቃለሁ። ከሥሩ ንጹህ ካርቶን አነጥፋለሁ። ከዚያ ሶፍት ቀድጄ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ እጠቀልላለሁ፤ ታንኩ ሥር፣ ፊልትሮው ግራና ቀኝ፣ ፓምፑ ላይ፣ ካርቡሬተሩ መግቢያ ላይ፣ ከካርቡሬተሩ ሳህን ሥር። መዝጊያውን ወይም ቆንጣጩን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ቀድሞ የረጠበው ሶፍት መልሱ ነው። ሁለቱ አብረው ከረጠቡ ከፍ ብሎ ያለውን አምናለሁ።

መቼ እንደሚፈስም ይናገራል። ቆሞ እያለ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ታንኩን፣ ጎማውን ወይም ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን መርፌ ጠርጥሩ። ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ከሆነ ፓምፑን ወይም ከፓምፑ በኋላ ያለውን ቱቦ። ታንኩ ጢም ብሎ ከተሞላ በኋላ ብቻ ከሆነ ደግሞ ክዳኑን እዩ። ቤንዚን በፀሐይ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ቦታ ካልተውንለት በክዳኑ በኩል ይወጣል።

ጎማ ቱቦው፦ ጫፉን ልቁረጥ ወይስ ሁሉን ልቀይር?

የኔ ጥፋት እዚህ ነበር የተገኘው። ፊልትሮው አጠገብ ያለውን ቱቦ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ይዤ እጥፍ አደረግኩት። ከውጭ ደህና ይመስል የነበረው ጎማ እንደ በጋ መሬት ስንጥቅጥቅ ብሎ ተከፈተ። ከስንጥቁ መሐል ቤንዚኑ በቀጭኑ ችፍ አለ። ያን ቀን መጀመሪያ ያነሳሁት ካርቡሬተሩን ለመፍታት ካቻቢቴ ነበር።

አንዳንድ ሰው የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጦ የቀረውን መልሶ ያስገባል። ማሳው ግማሽ ታጭዶ ግማሹ ከቀረ፣ ለዚያ ቀን ይህ ይሠራል። ከዚያ በላይ ግን አልመክረውም። ጫፉ ከደረቀ መሐሉም ደርቋል፤ እድሜያቸው አንድ ነው። ሁሉንም ቀይሩ። ብዙዎቹ ማጨጃዎች የሚፈልጉት የውስጥ ስፋቱ ሩብ ኢንች የሆነ ቱቦ ነው። ሆኖም አሮጌውን ቆርጣችሁ ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ። ሙሉውን ከነፊልትሮውና ከነማሰሪያው ብትቀይሩ ከ20 ዶላር ብዙም አይርቅም።

አንድ ነገር ላይ ግን አደራ። የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ በሜትር የሚሸጠውን የሚያሳይ ነጭ የውሃ ፕላስቲክ ቱቦ አትግዙ። ቤንዚኑን ማየት ስለሚያስችል ደስ ይላል። ነገር ግን ለቤንዚን አልተሠራም፤ ይደርቃል፣ ይጠብቃል፣ ከመጋጠሚያው ይንሸራተታል። ላዩ ላይ ለነዳጅ መሆኑ የተጻፈበትን ጥቁሩን ጎማ ግዙ።

ማሰሪያን በተመለከተ በፒንሳ ተጨምቆ የሚገባውን የስፕሪንግ ዓይነት እመርጣለሁ። ጎማው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ አብሮት ይጠብቃል፣ ይላላል። በካቻቢቴ የሚጠበቀው ቀጭን ጎማ ላይ ሲጠብቅ ይቆርጠዋል። ፊልትሮው ላይ ያለው ቀስት ወደ ካርቡሬተሩ ማመልከቱንም አትርሱ።

ካርቡሬተሩ፦ አራት መንገድ አለ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ሀገር ቤት ሮቶ ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ ኳስ ታውቁታላችሁ። ውሃው ሲሞላ ኳሱ ከፍ ይልና መግቢያውን ይዘጋል። ካርቡሬተሩም እንደዚያው ነው። ከሥሩ ትንሽ ሳህን አለች። ሳህኗ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ጫፏ ጎማ የሆነች ትንሽ መርፌን ወደ ላይ ይገፋል፤ መርፌዋ መግቢያውን ትደፍናለች። መርፌዋ ካልዘጋች ቤንዚኑ መምጣቱን አያቆምም። በአየር ማጣሪያው ሳጥን በኩል ይወጣል ወይም ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ታንኩ ከካርቡሬተሩ ከፍ ያለበት ማጨጃ ከሆነ አንድ ሌሊት ታንኩን ባዶ ሊያደርገው ይችላል።

በሌላ በኩል ጠብታው ከሳህኗ ጠርዝ ከሆነ ጥፋቱ ቀለበት ጓርኒሲዮኑ ነው። ከሳህኗ ሥር ካለው ቡሎን ወይም ገመድ ካለው ሶሌኖይድ (ቤንዚኑን በኤሌክትሪክ የሚዘጋው ዕቃ) ከሆነ ደግሞ ትንሿ ማሸጊያ ናት። እነዚህ በጥቂት ዶላር ያልቃሉ፤ ካርቡሬተሩ ሳይነቀል የሚቀየሩበትም ጊዜ ብዙ ነው።

መርፌዋ ላይ ከደረስን አራት ምርጫ አለ።

አንደኛው ማጠብ ነው። ቆሻሻ ብቻ ከሆነ ይበቃል። ቆሻሻ መሆኑን ለማወቅ በካቻቢቴው የፕላስቲክ እጀታ የሳህኗን ጎን ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ። መፍሰሱ ካቆመ መርፌዋ ተጣብቃ ወይም ቅንጣት ተቀርቅሮባት ነበር ማለት ነው። ይህ ምርመራ ነው እንጂ ጥገና አይደለም፤ ነገ ይመለሳል። ሳህኗን አውርዱ፣ የተንሳፋፊውን ሽቦ ሳቡ፣ መርፌዋን አውጡ። የምትቀመጥበትን ቀዳዳ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጥረጉ። ካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ስትረጩ ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ጉዳቱ ከባድ ነው።

ሁለተኛው መርፌዋንና ጓርኒሲዮኖቹን መቀየር ነው። መርፌዋን ብርሃን ላይ አንሡና ጫፏን ተመልከቱ። ሾጣጣው ጎማ ዙሪያውን እንደ ቀለበት የተበላ መስመር ካለው አትድከሙ፤ ብታጥቧትም አትዘጋም። ተንሳፋፊውንም ጆሯችሁ አጠገብ ይዛችሁ አራግፉት። ውስጡ ቻል ቻል የሚል ድምፅ ካለ ቤንዚን ገብቶበታል፤ መንሳፈፍ አይችልም። የጥገና ኪቱ እኔ ባየሁት ዋጋ ከ10 እስከ 25 ዶላር ነው።

ሦስተኛው በኢንተርኔት የሚሸጠው ርካሽ አዲስ ካርቡሬተር ነው። ከ20 እስከ 40 ዶላር ይገኛል፤ ጓርኒሲዮንና ፊልትሮም አብሮ ይመጣል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የሚሳበው። እኔም ለሌላ ሰው ማጨጃ ገጥሜ አውቃለሁ፤ ሠርቷል። ችግሩ ወጥ አለመሆኑ ነው። አንዱ እንደ ኦሪጅናሉ ይሠራል። ሌላው የቤንዚን ቀዳዳው ስለጠበበ ሞተሩ ያንገራግራል፤ ወይም የሶሌኖይዱ መሰኪያ አይገጥምም። አንዳንዱም ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ መርፌው አይዘጋም፤ ያን ጊዜ ወደ ተነሳችሁበት ጠብታ ትመለሳላችሁ።

አራተኛው የፋብሪካው ኦሪጅናል ነው። ዋጋው ከርካሹ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ከ100 ዶላር በላይ ሲሆን አይግረማችሁ።

የትኛውን? የካርቡሬተሩ አካል ንጹህ ከሆነ ኪቱን እመርጣለሁ። ኦሪጅናሉ አካል ለዚያ ሞተር ተለክቶ የተሠራ ነው፤ በ15 ዶላር ኪት ብዙ ዓመት ይሄዳል። ሳህኗን ስትከፍቱ ግን አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይዞ ከተቦረቦረ ውሃ ጎድቶታልና ኪት አታባክኑበት። ያን ጊዜ ማጨጃው ገና ብዙ የሚያገለግል ከሆነ ኦሪጅናሉን፣ አንድ ሁለት በጋ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ ርካሹን ግዙ። በአንዳንድ ካርቡሬተር ላይ መርፌዋ የምትቀመጥበት ነሐስ አይቀየርም። እሱ ከተበላም መፍትሔው አዲስ ነው።

የትኛውንም ስትገዙ በማጨጃው ስም ሳይሆን በሞተሩ ቁጥር እዘዙ። ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሞተር ላይ ሞዴል፣ ታይፕና ኮድ የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ብረቱ ላይ ተቀርጸው ታገኛላችሁ። የኮዱ የመጀመሪያ 6 አሃዞች ሞተሩ የተሠራበት ዓመት፣ ወርና ቀን ናቸው። 180315 የሚል ከሆነ ማርች 15 ቀን 2018 የተሠራ ነው። ያገለገለ ማጨጃ ስትገዙ ሻጩ የነገራችሁን እድሜ ለማረጋገጥም ይጠቅማል። ኮህለር ሞተር ያላችሁ ደግሞ የሞተር ክፍሉ በ2024 ሬልኮ የሚል ስም ስለያዘ ዕቃ ስትፈልጉ ሁለቱም ስም ቢገጥማችሁ አትደናገሩ።

ፓምፕና ታንክ

ፓምፕ ያለው ታንኩ ዝቅ ያለበት ማጨጃ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ታንኩ መቀመጫው ሥር ሲሆን። ፓምፑ ሦስት ቱቦ አለው፤ የቤንዚን መግቢያ፣ የቤንዚን መውጫ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሞተሩ ውስጥ የአየር ግፊት የሚያመጣ። ሦስተኛውን ንቀሉና አሽትቱት፣ ውስጡንም እዩት። ቤንዚን ካለበት የፓምፑ ውስጥ ስስ ሽፋን ተቀዷል፤ ቤንዚኑም በዚያው ወደ ሞተሩ ዘይት እየገባ ነው። እዚህ ላይ ማወዳደር አያስፈልግም። አዲስ ፓምፕ ግዙ።

ታንክ ላይ የማጣበቅ ፈተና አለ። የፕላስቲኩ ታንክ ተፈጥሮው ሙጫ አይቀበልም። ኤፖክሲ ዛሬ ይይዛል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ከተሰነጠቀ ይቀየር። ለማቅለጥ ወይም በእሳት ለመበየድ የሚሞክር ሰው ካያችሁ እባካችሁ አስቁሙት፤ ባዶ የሚመስል ታንክ ተኑ ስላለበት ከሞላው ይልቅ አደገኛ ነው። መልካሙ ነገር ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ታንኩ ሳይሆን ቱቦው የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ያለችው የጎማ ቀለበት መሆኗ ነው። እሷ በጥቂት ዶላር ትቀየራለች።

ዘይቱን ሳታዩ አታስነሱ

ጠብታው ቆመ ብላችሁ ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት የዘይት መለኪያውን አውጡ። ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ከወጣ፣ እንደ ውሃ ከቀጠነና ቤንዚን ከሸተተ መርፌዋ ወይም ፓምፑ ያሳለፈው ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ገብቷል። ቤንዚን የተቀላቀለበት ዘይት ብረትን ከብረት አይጠብቅም። በዚህ ዘይት ለአንድ ሰዓት ያጨደ ሰው የ15 ዶላር ጥፋትን ወደ ሞተር መቀየር ሊያደርሰው ይችላል።

ትርፉን ብቻ ልቅዳ ወይስ ሁሉን ልቀይር የሚል ጥያቄ ሰምቻለሁ። ሁሉን ቀይሩ፣ ከነዘይት ፊልትሮው። ባለ አንድ ሲሊንደሩ ብዙ ጊዜ 1.4 ሊትር ያህል ይወስዳል፤ ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ወደ 1.9። ከመቀየራችሁ በፊት ግን ያፈሰሰውን ዕቃ ጠግኑ፤ አለዚያ አዲሱም ዘይት ይበላሻል።

ቁልፉን ስታዞሩ ጓ ብሎ ቀጥ የሚል ከሆነ ደጋግማችሁ አትሞክሩ። ሲሊንደሩ ቤንዚን ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ፈሳሽ አይታመቅም፣ በውስጡ ያለው ብረት ይጎብጣል። ካንዴላውን ፍቱ። የካንዴላውን ገመድ ከሞተሩ አርቃችሁ እሰሩ፤ ብልጭታ እንዳይሰጥ። ከዚያ ሞተሩን ከላይ በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ቤንዚኑ በካንዴላው ቀዳዳ ይወጣል። ፊታችሁን ከቀዳዳው ፊት አታድርጉ።

በራስ ወይስ በባለሙያ?

ጎማ፣ ፊልትሮ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፓምፕ፦ ፒንሳና ጥቂት ቁልፍ ላለው ሰው የቅዳሜ ጠዋት ሥራ ነው። ካርቡሬተር መፍታት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከመንቀላችሁ በፊት የስፕሪንጎቹንና የቀጫጭን ዘንጎቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ አንሡ፤ በየትኛው ቀዳዳ እንደነበሩ በኋላ አይታወስም።

ታንኩ ውስብስብ ቦታ ላይ ከሆነ ወይም ሲሊንደሩ ቤንዚን ከሞላ በኋላ ሞተሩ ያልተለመደ ድምፅ ካሰማ ለባለሙያ ስጡ። ኤፕሪልና ሜይ ላይ ወረፋው ረጅም ነው። ማጨጃውን ከቤት መውሰጃና መመለሻም ለብቻው ያስከፍላሉ፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለባለሙያው «ያፈሳል» ብቻ አትበሉት። «ቆሞ እያለ ከአየር ማጣሪያው ሥር ይወርዳል፣ ዘይቱም ከፍ ብሏል» በሉት። ለምርመራ የሚያስከፍለው ሰዓት ይቀንሳል።

ቤንዚኑ ራሱ

ጎማውን የሚያደርቀው እድሜና ሙቀት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። የሞተር አምራቾቹ ይህን ይፈቅዳሉ። ኢታኖል ግን እርጥበት ይስባል፤ ለወራት ከቆመ ውሃው ከሥር ይቀመጣል፣ ነጩ ዱቄት የሚመጣውም ከዚያ ነው። 15 በመቶ ያለበትን፣ ብዙ ማደያ ላይ 88 ተብሎ የሚሸጠውን፣ ለማጨጃ አትቅዱ። ርካሽ ስለሆነ መኪና ሲሞሉ እግረ መንገድ ጀሪካን የሚሞሉ አሉ። ለትንንሽ ሞተር አይፈቀድም።

ኢታኖል የሌለበት በጋሎን ወደድ ይላል። በበጋው በየሳምንቱ የሚያጭድ ሰው ባለ 10 በመቶው ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ፤ ሳይቆይ ያልቃልና። የመጨረሻውን የኦክቶበር ታንክ ግን ኢታኖል በሌለበት ሙሉ፣ ቤንዚኑ እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ ጨምሩበት፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ እንዲደርስ ለ10 ደቂቃ አስነሱት።

እኔ ጎማውን ስቀይር አንድ ነገር ጨምሬያለሁ፦ ከታንኩ ሥር የምትገባ ትንሽ የፕላስቲክ መዝጊያ። ዋጋዋ 8 ዶላር ገደማ ነበር። ስትገጥሟት እጅ የሚደርስበት፣ ከጭስ ማውጫው የራቀ ቦታ ምረጡላት። አጭጄ ስጨርስ እዘጋታለሁ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን እስኪጨርስ ሞተሩን እተወዋለሁ፣ ከዚያ በራሱ ይጠፋል። አሁን መርፌዋ ሌሊት ብትጣበቅ እንኳ የሚፈስ ቤንዚን የለም። ከጥገናው በኋላ ካርቶኑን ሁለት ሌሊት ከሥሩ አቆይቼ ነበር። ሁለቱንም ጠዋት ደረቅ ነበር፤ ማጨጃውን ወደ ጋራዡ የመለስኩት ከዚያ በኋላ ነው።